ያረጀ ዴክ ልታድሱ ካሰባችሁ መጀመሪያ ከሥሩ ግቡ

ብዙዎቻችን እዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ቤት ስንገዛ ዴኩን፣ ማለትም ከቤቱ ጋር ተያይዞ ውጭ የሚሠራውን የእንጨት ሰገነት፣ የምናየው በመጨረሻ ነው። ኩሽናው ይታያል፣ ቤዝመንቱ ይታያል፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ይጠየቃል። ዴኩ ላይ አንዴ ወጣ ይባልና "አሪፍ ነው፣ ቡና ይፈላበታል" ተብሎ ይታለፋል። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ቤታችን ሰሜን ቨርጂኒያ ነው፤ የተሠራው እንደ ፈረንጆቹ በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ዴኩ ደግሞ ጥቂት ዓመት ዘግይቶ የተጨመረ ነው። 12 በ14 ጫማ ይሆናል። ከኩሽናው በር በቀጥታ ይወጣበታል፣ ከመሬት ያለው ከፍታ የሰው ቁመት ያህላል።

ላዩ ግራጫ ሆኖ ነበር። ጣውላው ተሰነጣጥቋል፣ የሚስማሩ ራስ ወጣ ወጣ ብሏል፣ ባዶ እግሩን የወጣ ልጅ ስንጥር ይዞ ይመለሳል። ኮንትራክተር ጠርተን ዋጋ ጠየቅን። አፍርሶ አዲስ ለመሥራት ከ15 ሺህ ዶላር በላይ ተጠየቅን። እኔም "ጣውላውን ቀይሬ ቀለም ብቀባውስ?" ማለት ጀመርኩ። ሆም ዲፖ የሚባለው የግንባታ ዕቃ መደብር ሄጄ ጣውላ ሁሉ ቆጥሬ ነበር።

በዚያው ሰሞን አማቼ ከአዲስ አበባ መጥተው እኛ ጋ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ በአናጺነት የሠሩ ሰው ናቸው። እኔ ስለ ቀለም ሳወራ እሳቸው መዶሻና ካቻቪቴ ይዘው ወደ ጓሮ ወረዱ።

"ላዩን ተወው ልጄ። ላዩ ጌጥ ነው። ና ከሥሩ እንግባ።"

ዴኩ ሥር ጎንበስ ብለን ገባን። እሳቸው በመዶሻው እጀታ እያንዳንዱን እንጨት መታ መታ እያደረጉ ያዳምጣሉ። ደህናው እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ጥጉ ላይ ያለው ቋሚ ዘንድ ስንደርስ ድምፁ ታፈነ። ቋሚው አፈር ከሚነካበት ቦታ ላይ ካቻቪቴውን ገፋ አደረጉት። እንደ ድፎ ዳቦ ገባለት። ሲያወጡት ጫፉ ላይ እርጥብ ቡናማ ብናኝ ተጣብቋል። ከውጭ ሲታይ ግን ያ ቋሚ ምንም አልነበረውም። ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ደህና የሚመስል እንጨት ነው።

"ይኸው" አሉኝ። "አንተ ጣውላ ልትገዛ ነበር።"

እኔ ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሁሉ ከዚህ ፍተሻ የመነጨ ነው። እናንተም ከዚህ ጀምሩ። የሚያስፈልገው ባትሪ፣ ካቻቪቴ እና መዶሻ ብቻ ነው። ካቻቪቴውን የምትወጉት ውሃ በሚቆምበትና እንጨት ከእንጨት በሚገናኝበት ቦታ ነው። የቋሚዎቹ እግር፣ የደረጃው እግር፣ የጣውላ ተሸካሚዎቹ አናት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዴኩ ከቤቱ ጋር የሚገናኝበት መስመር። ከሩብ ኢንች በላይ በቀላሉ የሚገባ ከሆነ እንጨቱ እየሞተ ነው። መሬት ላይ ከአፈር የተሠራ ቀጭን ቧንቧ የመሰለ ነገር ቋሚው ላይ ሲወጣ ካያችሁ ምስጥ ነው፤ እንጨት ከመግዛታችሁ በፊት የተባይ ባለሙያ ጥሩ። ጣት የሚያስገባ ፍጹም ክብ ቀዳዳ፣ ሥሩ ላይ የመጋዝ ብናኝ የመሰለ ነገር ካለ ደግሞ አናጺ ንብ ናት። በእኛ አካባቢ በአፕሪልና በሜይ ትበዛለች። ፊታችሁ ላይ የሚያንዣብበው ወንዱ ነው፣ መንደፊያም የለውም። የምታሳዝነው እንጨቱን ስትበሳው ነው እንጂ ለሰው ያን ያህል አታሰጋም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ዴኩን ከቤቱ ግድግዳ ጋር የሚያያይዘው ረጅም አግዳሚ እንጨት ሌጀር ይባላል። ዴክ ተደርምሶ ሰው ሲጎዳ በብዛት የሚጠቀሰው ምክንያት እሱ ነው። የኛ ሌጀር የተያዘው በሚስማር ብቻ ነበር። ያውም የዛገ። ሚስማር ከላይ ሲጫኑት ይችላል። ወደ ውጭ ሲስቡት ግን ቀስ እያለ ይወጣል። ዴክ ላይ ሰው ሲበዛና ሲንቀሳቀስ ዴኩ ከግድግዳው ወደ ውጭ ይጎተታል። ስለዚህ ሌጀር የሚታሰረው ግማሽ ኢንች ውፍረት ባለው ቡሎን ወይም ላግ በሚሉት ወፍራም ቪቴ ነው፤ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ እያለ። በስንት ኢንች ርቀት እንደሚሆን የሚወሰነው በዴኩ ስፋት ነው፣ ሠንጠረዥ አለው።

ሌላው የጎደለን ነገር ፍላሺንግ ነው። ውሃ ከሌጀሩ ጀርባ ገብቶ የቤቱን እንጨት እንዳያበሰብስ አናቱ ላይ የሚታጠፍ ላሜራ ማለት ነው። ከኩሽናው በር ሥር፣ በረዶ በሚከመርበት ቦታ ላይ ሌጀሩ ለስልሶ ነበር።

ይህቺን ክፍል ብቻዬን አልነካኋትም። ፈቃድ ያለው አናጺ ለሌጀሩ ብቻ ቀጠርኩ፣ እኔ ረዳት ሆንኩ። መጀመሪያ ዴኩን ከሥር በጊዜያዊ ቋሚዎች ደገፍነው። ከዚያ የሳይዲንጉን፣ ማለትም ግድግዳውን ከውጭ የሚሸፍነውን ልባስ፣ የታችኛውን መስመር አወጣ። እኔ የፈራሁት ከጀርባው ያለው የቤቱ እንጨት በስብሶ እንዳይሆን ነው። ደረቅና ንጹህ ሆኖ ተገኘ፣ ተመስገን። ያ ቢበሰብስ ኖሮ ወጪው የዴክ ሳይሆን የቤት ጥገና ይሆን ነበር። አዲሱን ሌጀር በቡሎን አሰረ፣ ፍላሺንጉን አስገባ፣ ሳይዲንጉን መለሰ። ራሳችሁ የምትሠሩት ሥራ ውስጥ አንድ ነገር ለባለሙያ ስጡ ብትሉኝ ይህን እላለሁ።

እግረ መንገዴን፣ የሰሜን ቨርጂኒያ ቤት ፊቱ ጡብ ጀርባው ሳይዲንግ የመሆን ልማድ አለው። ለመንገደኛ ያምራል፣ ለባለቤቱ ዋጋ ይቆጥባል። የእናንተ ጀርባውም ጡብ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። በአብዛኛው ያ ጡብ የቤቱ ልብስ እንጂ ተሸካሚ ግድግዳ አይደለም፣ ሌጀር በላዩ ላይ ማሰር አይፈቀድም። እንዲህ ያለ ቤት ዴኩ በቤቱም በኩል የራሱ ቋሚ ኖሮት ለብቻው መቆም አለበት።

"ለምን እንዲህ ትጨነቃለህ፣ እስካሁን ቆሞ የለ?" ያለኝ ሰው ነበር። ሒሳቡን ሠራሁለት። የግንባታ ደንቡ (ኮዱ) ዴክ በአንድ ስኩዌር ጫማ 40 ፓውንድ እንዲሸከም ይጠይቃል። የኛ 168 ስኩዌር ጫማ ነው፣ 6,720 ፓውንድ ማለት ነው። አንድ ሰው በአማካይ 170 ፓውንድ ነው ብንል ወደ 39 ሰው ይመጣል። ብዙ ይመስላል። ግን የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ። ክርስትና ሆነ ምርቃት፣ ኬክ ሊቆረስ ሲል ቤት ውስጥ የነበረው ሁሉ ይወጣል። ፎቶ ሲባል ደግሞ ሁሉም በአንድ ወገን የዴኩን ዙሪያ መከለያ፣ ሬሊንጉን፣ ተደግፎ ይሰለፋል። ከዚያ ላይ እስክስታ ጨምሩበት። ደህና የተሠራ ዴክ ይህን ይችላል። በዛገ ሚስማር የተንጠለጠለ ዴክ ግን ላይችል ይችላል።

ስለ ፈቃድ ብዙ ሰው ይሸሻል። ጣውላ ብቻ መቀየር ብዙ ቦታ ፈቃድ አይጠይቅም። ቋሚ፣ መሠረት፣ ሌጀር ከነካችሁ ግን ይጠይቃል። ካውንቲያችሁ ደውላችሁ አረጋግጡ። ፈቃዱን ቅጣት ፈርታችሁ ብቻ አታውጡት። ኢንስፔክተሩ ሥራችሁን አይቶ የሚነግራችሁ ሁለተኛ ዓይን ነው። እኔ ዘንድ የመጣው ሰውዬ ስለ ደረጃው ያልጠየቅኩትን ሁሉ ነግሮኝ ሄደ። ፌርፋክስ ካውንቲ የዴክ ዝርዝር ንድፍ በነፃ ያወጣል። አሜሪካን ዉድ ካውንስልም ዲሲኤ 6 የሚባል መመሪያ አለው፣ እሱም በነፃ ነው። የቡሎኑ ርቀት፣ የእንጨቱ ውፍረት፣ የቋሚው ከፍታ ሁሉ በሥዕልና በሠንጠረዥ ተቀምጧል። ከዩቲዩብ በፊት እሱን አንብቡ። ሰፈራችሁ ኤችኦኤ የሚባለው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ካለው ደግሞ ቀለሙን እንኳ ሳትመርጡ በፊት ጠይቁ። ዴኩ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ደብዳቤ ያናድዳል።

እንጨት ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ሌላ ነገር። ዴካችሁ ከ2004 በፊት የተሠራ ከሆነና እንጨቱ አረንጓዴ ቀለም የነበረው ከሆነ፣ ምናልባት ሲሲኤ በሚባል አርሴኒክ ባለበት መድኃኒት የተነከረ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለመኖሪያ ቤት እንዲህ ያለ እንጨት መሥራት የቆመው በ2003 መጨረሻ ነው። ይህ ማለት ዴኩን ሸሽታችሁ ከቤት ውጡ ማለት አይደለም። ግን ስትቆርጡ ጭንብል፣ መነጽርና ጓንት አድርጉ። በብርጭቆ ወረቀት ማሽን አትፈግፍጉት፣ ብናኙ ነው መጥፎው። ብናኙ የሚወድቅበት ቦታ ላስቲክ አንጥፉና ጠቅልላችሁ ጣሉት። ዴኩ ሥር የሚበላ ነገር አትትከሉ። ከአሮጌው ጣውላ ደግሞ ለጎመንና ለበሶብላ መደብ የሚሠሩ ሰዎች አይቻለሁ። ይቅርባችሁ። ማቃጠልማ ጨርሶ አይታሰብም፤ ጭሱም አመዱም መርዝ ነው። "ለደመራ ይሆናል" ብሎ የጠየቀኝ ወዳጅ ስለነበረ ነው ይህን አጥብቄ የምጽፈው። አሮጌውን እንጨት የካውንቲው ቆሻሻ መቀበያ ወስዳችሁ አስረክቡ።

የበሰበሰውን ቋሚ ለመቀየር መቆፈር ነበረብኝ። አሜሪካ ውስጥ ማንም ሰው ከመቆፈሩ በፊት 811 መደወል አለበት። ነፃ ነው። ጥቂት የሥራ ቀናት ትጠብቃላችሁ፤ ከዚያ ሰዎች መጥተው ከመሬት ሥር የተቀበሩትን መስመሮች በቀለምና በትንንሽ ባንዲራ ያሳያሉ። ቢጫ ጋዝ፣ ቀይ መብራት፣ ሰማያዊ ውሃ፣ ብርቱካናማ ስልክና ኢንተርኔት፣ አረንጓዴ ፍሳሽ ነው። የኛ ቢጫ ባንዲራ እኔ ልቆፍር ካሰብኩበት ብዙም ሳይርቅ ተተክሎ ሳገኘው ክው አልኩ።

አሮጌው ቋሚ 4 በ4 ኢንች የሚባለው ሲሆን እንዲሁ አፈር ውስጥ የተቀበረ ነበር። አዲሱ 6 በ6 ነው፤ የሚቆመውም በአርማታ መሠረት ላይ ነው። ዊንተር ላይ መሬቱ ሲቀዘቅዝ ያብጥና ጥልቀት የሌለውን መሠረት ወደ ላይ ያነሳል። ለዚህ ነው ፌርፋክስ በኩል መሠረቱ ቢያንስ 24 ኢንች እንዲወርድ የሚጠየቀው። ወደ ሰሜን በሄዳችሁ ቁጥር ይጨምራል። አፈራችን ቀይ ሸክላ ነው፤ ደረቅ ሲሆን አካፋ አይቀበልም። አማቼ "ዲጂኖ የለም እንዴ በዚህ አገር?" አሉ። አለ፣ ተከራየን። ከተቆፈረ በኋላ አርማታ ከመሙላታችሁ በፊት ኢንስፔክተሩ ጉድጓዱን ማየት አለበት፣ አትቸኩሉ። አርማታው አናት ላይ ብረት መቀመጫ ይገጠማል፣ ቋሚው እሱ ላይ ይቆማል። ዓላማው አንድ ነው፦ እንጨት አፈር እንዳይነካ።

ቋሚው እስኪቀየር ድረስ ቢሙን፣ ማለትም ቋሚዎቹ ላይ የተጋደመውን ወፍራም እንጨት፣ በጊዜያዊ ቋሚና በክሪክ ያዝነው። ክሪኩን ክብደቱ እስኪለቅ ብቻ ነው ከፍ የምታደርጉት። ብዙ ካነሳችሁ ከላይ ያለው ሁሉ ይጣመማል። ክሪክ ብቻውን ይዞት ደግሞ ከሥር አትግቡ። ጊዜያዊው ቋሚ ቆሞ፣ በደንብ ታስሮ፣ ከዚያ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ቀላልና ደስ የሚል ነው። አሮጌውን ጣውላ ማንሳት ቀጠለ። ሚስማሮቹ ሲነቀሉ የሚያሰሙት ጩኸት ሰፈሩን ስለሚቀሰቅስ እሑድ ጠዋት አትጀምሩት። ሲነሳ ጆይስቶቹ ታዩ። ጆይስት ጣውላውን የሚሸከሙት አግዳሚዎች ናቸው፤ የኛ በ16 ኢንች ርቀት የተደረደሩ ናቸው። አናታቸው ላይ በሚስማር ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ጥቁር መስመር ነበር። የለሰለሰውን በመሮ ጠረግኩት። አብዛኞቹ ከሥሩ ደህና ነበሩ። አንዱ ግን እርጥበቱ ወደ ውስጥ ወርዶበት ስለነበር በጎኑ አዲስ ጆይስት አጣመርኩለት። አጣምሮ ማሰር የበሰበሰውን ከማውጣት ብዙ ጊዜ ይቀላል። ብስባሴው ወደ አዲሱ እንዳይሻገር ግን መጀመሪያ ሙልጭ አድርጎ ማጽዳት ያስፈልጋል።

ከዚያ በሁሉም ጆይስት አናት ላይ ቡቲል የሚባለውን ተጣባቂ ቴፕ ለጠፍኩ። ከምንም በላይ የምመክረው ትንሽ ወጪ ይህ ነው። ቪቴው ሲገባ ቴፑ ዙሪያውን ይዘጋዋል። ውሃ በቀዳዳው አይወርድም። የአሮጌውን ጆይስት አናት የገደለው ያ ውሃ ነበር።

ጆይስቱን ከሌጀሩ ጋር የሚይዘው ሀንገር የሚባለው ብረት የራሱ ሚስማር አለው። ተራ የዴክ ቪቴ አታስገቡበት። ቪቴ ጥሩ ይስባል፣ በጎን ሲጫኑት ግን ሊሰበር ይችላል። አንድ ጉዳይ ልጨምር። ከ2004 ወዲህ የሚሸጠው የታከመ፣ ማለትም እንዳይበሰብስ መድኃኒት የተነከረ፣ እንጨት መድኃኒቱ መዳብ ይበዛበታል፤ ተራ ብረትን ቶሎ ይበላል። አሉሚኒየምንም ይበላል። ቪቴም ሆነ ሀንገር በደንብ ጋልቫናይዝድ የሆነ (ዚንክ የተለበጠ) ወይም ስቴይንለስ (የማይዝግ ብረት) ይሁን። ፍላሺንጉ እንጨቱን የሚነካ ከሆነ አሉሚኒየም አይሁን። ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ግን እዚህ ላይ መቆጠብ ዋጋ የለውም።

ለላዩ ምን ልግዛ የሚለው ጥያቄ ጓደኞቼን ሁሉ ያከራከረ ነው። ኮምፖዚት፣ ማለትም ከእንጨት ብናኝና ከፕላስቲክ የሚሠራው ጣውላ፣ ጥሩ ነገር ነው፣ አልቃወምም። አይሰነጠቅም፣ ቀለም አይፈልግም። ግን ዋጋው ከታከመ ጥድ እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። ጁላይ ላይ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ባዶ እግር አያስረግጥም። ዋናው ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። የኛ ጆይስቶች አርጅተዋል፣ ደህና ናቸው እንጂ አዲስ አይደሉም። 25 ዓመት ዋስትና ያለውን ጣውላ ስንት ዓመት እንደቀረው በማይታወቅ እንጨት ላይ መግጠም ለእኔ አልታየኝም። አጽሙን በሙሉ አዲስ ካደረጋችሁት አዎ፣ ኮምፖዚት ያዋጣል። እኔ ጥዱን ወሰድኩ።

እንጨት ስትገዙ ከላይ ያለውን አንስታችሁ አትሂዱ። አማቼ መደብሩ ውስጥ እያንዳንዱን ጣውላ ጫፉን አንስተው በአንድ ዓይናቸው ርዝመቱን እያዩ "ይሄ ጠማማ ነው፣ ይሄ ደህና፣ ይሄ ይሰነጠቃል" እያሉ ለዩ። ሠራተኛው መጀመሪያ ገላመጠን፣ ቆይቶ እሱም ገብቶ ያነሳሳ ጀመር። ጫፉ ላይ ያለችውን ወረቀት አንብቡ። መሬት ለሚነካ ወይም ለመሬት ለሚቀርብ "ግራውንድ ኮንታክት" (መሬት የሚነካ) የሚለውን ውሰዱ። ለላይኛው ጣውላ ሌላው ይበቃል።

አዲስ የታከመ ጥድ ብዙ ጊዜ እርጥብ ነው፣ ስታነሱት በክብደቱ ታውቁታላችሁ። ሲደርቅ ይጠባል። ስለዚህ እርጥቡን አጠጋግታችሁ ግጠሙት፣ ክፍተቱን ራሱ ያበጀዋል። የደረቀ ከሆነ አንድ ስምንተኛ ኢንች ተዉለት። ጣውላው ጫፍ አካባቢ ቪቴ ከማስገባታችሁ በፊት በትራፓኖ ቀዳዳ አውጡለት፣ ካልሆነ ይሰነጠቃል። በእያንዳንዱ ጆይስት ላይ ሁለት ቪቴ አስገቡ፣ የቪቴው ራስ ከጣውላው እኩል ይሁን። ጠልቆ ከገባ ውሃ ይቋጥራል። በየሦስት አራት ጣውላው ከግድግዳው ያለውን ርቀት በሜትር ለኩ። ትንሿ መንሻፈፍ መጨረሻ ላይ ትልቅ ሆና ትታያለች።

ጣውላችሁ ደህና ሆኖ ሳለ ግራጫ ብቻ ከሆነ አትጣሉት። ሶዲየም ፐርካርቦኔት የሚባለውን የኦክስጅን ማጽጃ በውሃ በጥብጣችሁ አፍስሱበት፣ ትንሽ ይቆይ፣ በጠንካራ ብሩሽ ፈግፍጉና እጠቡት። በረኪና ይቅር፤ የእንጨቱን ጭረት ያነጫጫል። የውሃ ግፊት ማሽን የምትከራዩ ከሆነ ሰፋ የሚረጨውን አፍንጫ አድርጉ፣ ግፊቱን ዝቅ፣ ርቀቱን ጠበቅ። ጠጋ ካላችሁ እንጨቱን እንደ ፀጉር ያነሳዋል።

ቀለም ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። አዲስ እንጨት ወዲያው አይቀባም። ደርቆ እንደሆነ የምታውቁት ውሃ ጠብ በማድረግ ነው። ጠብታው እንደ ዶቃ ላዩ ላይ ከተቀመጠ ገና ነው። ደቂቃ ሳይሞላ ከጠጣው ጊዜው ደርሷል። እኛ በስፕሪንግ ገጥመን የቀባነው በሰመር ማብቂያ ነው። የመረጥኩት ከፊል ብርሃን አሳላፊውን፣ ዘይት ያለበትን ስቴይን (እንጨት ውስጥ የሚጠልቅ ማቅለሚያ) ነው። ወፍራሙ ቀለም መጀመሪያ ያምራል። ከዓመታት በኋላ ግን ይላጣል፣ ያንን መፋቅ ነው ሰው የሚያማርረው። ውስጥ የሚጠልቀው ስቴይን ይደበዝዛል እንጂ አይላጥም። አጥባችሁ እንደገና መቀባት ነው። በጥላ፣ ቀጭን አድርጋችሁ ቀቡ። እንጨቱ ያልጠጣውን በጨርቅ ጥረጉት፣ ካልጠረጋችሁት ሲያጣብቅ ይኖራል።

ያ ጨርቅ ታዲያ አደገኛ ነው፣ አታቃልሉት። ዘይት ያለበት ስቴይን የጠጣ ጨርቅ ተጨብጦ ጋራዥ ውስጥ ከተጣለ ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል። ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ እሳት የነካው ሳይኖር በራሱ ይነዳል። ውጭ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ በሞላበት ብረት ጣሳ ውስጥ ከታችሁ ክደኑት።

ሬሊንጉን በመጨረሻ ሠራሁ። ዴኩ ከመሬት 30 ኢንች በላይ ከሆነ መኖሩ ግዴታ ነው። ቁመቱ ቢያንስ 36 ኢንች፣ በዘንጎቹ መካከል ደግሞ 4 ኢንች ኳስ ማለፍ የለበትም። ይህች ቁጥር የሕፃን ጭንቅላት ታስባ የወጣች ናት። የሬሊንጉ ቋሚ በአንድ ቦታ ላይ 200 ፓውንድ ግፊት መቻል አለበት። የድሮው የኛ በሚስማር ተመትቶ ስለነበር በአንድ እጅ ሲገፉት ይወዛወዝ ነበር። አሁን በሁለት ሁለት ቡሎን ከነሮንዴላው፣ ወደ ውስጥ ወደ ጆይስቱ በሚስብ ብረት ታስሯል። አማቼ ሙሉ ክብደታቸውን ጥለው ተደግፈው ሞከሩት። "እሺ፣ አሁን ፎቶ ይነሱበት" አሉ።

ወጪው ሁሉ ተደምሮ፣ የአናጺውን ክፍያና የፈቃዱን ጨምሮ፣ ከተጠየቅነው ዋጋ ከሲሶ ትንሽ በለጥ ያለ ሆነ። ከዚያ ውስጥ ግማሹ ማንም እንግዳ የማያየው ቦታ ነው የገባው፦ አርማታ፣ ቋሚ፣ ቡሎን፣ ብረት፣ ቴፕ።

የቀረው የከሰል ጉዳይ ነው። ቡናው ዴክ ላይ ይፈላል፣ ያንን ማንም አይከለክልም። ግን የከሰል ምድጃ በቀጥታ እንጨት ላይ አታስቀምጡ። የወደቀች ፍም በጣውላዎቹ መካከል ገብታ ሥር ያለው ደረቅ ቅጠል ላይ ትወድቃለች፣ እናንተ ሳታዩ። እኛ ለዕለቱ የኤሌክትሪክ ምድጃ እንጠቀማለን። ከሰል የግድ ነው በተባለ ቀን ደግሞ ከዴኩ ወርደን ሲሚንቶው ላይ ነው። የዕጣን ማጨሻውም ቢሆን ሰፋ ያለ የሸክላ ሳህን ላይ ይቀመጥ። አመዱን ክዳን ባለው ብረት ባልዲ ውስጥ አድርጋችሁ ከቤቱም ከዴኩም አርቁት። ጠፍቷል ብላችሁ ላስቲክ ውስጥ አትክተቱት፣ አመድ ሥር የተደበቀ ፍም ለቀናት ሊቆይ ይችላል። ዴኩ ሥር የሚከማቸውን ቅጠልም በየዓመቱ ቅጠል ሲረግፍ ጠራርጉት። ስትጠርጉ ካቻቪቴውን ይዛችሁ ግቡ።